ከከብቱ ብዛት በፊት የግርግሙ ባዶነት

ላም የበላችውን ሣርና ገለባ የሚያብላሉላት በትልቁ የጨጓራዋ ክፍል፣ በሩመን ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት አየር በሌለበት መኖውን ሲሰባብሩ ሃይድሮጂን ይተርፋል። አርኪያ የሚባሉ ሌሎች ሕዋሳት ደግሞ ትርፉን ሃይድሮጂን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ሚቴን ያደርጉታል። ጋዙ ብዙ ሰው ከኋላ የሚወጣ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን የሚወጣው በግሳት፣ በአፍ በኩል ነው። ከበላችው መኖ ጉልበት እንደ መኖው ዓይነት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በዚህ መንገድ ይባክናል። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ብቻ ቢሆንም ሙቀት የማመቅ ኃይሉ በ100 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ሲለካ ደግሞ 80 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ግሳት ሁለት ኪሳራ አለው፤ ሰማዩን ያሞቃል፣ ለወተትና ለሥጋ ሊውል የሚችለውንም ጉልበት ይወስዳል።

ከዚህ ሳይንስ ተነሥቶ በዓለም አቀፍ መድረክም ሆነ በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች የሰፈነው አስተያየት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመጀመሪያውን ኪሳራ ነው። በዚህ አስተያየት መሠረት የችግሩ ምንጭ የከብቱ ብዛት ነው፤ መድኃኒቱም መንጋውን መቀነስ፣ ካልሆነም ሚቴን የሚያፍን ዱቄት ከውጭ ማስገባት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ዘገባ የእንስሳት እርባታ ሰው ሠራሽ ከሆኑት የሙቀት አማቂ ጋዞች 18 በመቶውን እንደሚለቅ ገልጾ ነበር። በ2013 ስሌቱ ወደ 14.5 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ ወደ 12 በመቶ ገደማ ወረደ። የስሌቱ ዘዴ እየተሻሻለ ቢሄድም በብዙዎች አእምሮ የቀረው የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው። በአፍሪካ ትልቁ የቀንድ ከብት ሀብት፣ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋው፣ የሚገኘው በኢትዮጵያ ስለሆነ ጣቱ ወደዚህ መቀሰሩ አልቀረም። ሀገሪቱ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2010 ከተለቀቀው 150 ሚሊዮን ቶን ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእንስሳት እንደሚመጣ አስፍራለች። ከመፍትሔዎቹም መካከል ከበሬ ወደ ዶሮ ሥጋ መዞርና በሬን በማሽን መተካት ይገኙባቸዋል።

ይህ አስተያየት ምክንያቱንና ውጤቱን አገላብጧል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ከብት እንዲበዛ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ረሃቡ ነው። በእያንዳንዱ ሊትር ወተት ላይ የሚያርፈው ሚቴን የሚበዛውም በዚሁ ረሃብ ነው። ከብቱ በመቆጠሩ ብቻ ይህ አይታይም፤ ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ወር ምን ያህል እንደሚያገኝ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መልሱ ለማንም ገበሬ አዲስ አይደለም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የናሙና ጥናቶች ከዓመት ዓመት ብዙ የማይለዋወጥ ሥዕል ያሳያሉ፤ ከመኖው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግጦሽ፣ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው የሰብል ተረፈ ምርት ነው። ድርቆሽ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ እንደ ፋጉሎና ፉርሽካ ያለው የፋብሪካ ተረፈ ምርት ጥቂት በመቶ፣ የተሻሻለ የመኖ ሰብል ደግሞ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በመስከረምና በጥቅምት ሣር አለ። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ወደ ቃርሚያው ይለቀቃል። ከየካቲት ጀምሮ ግን ሜዳው አፈር ብቻ ይሆንና ከብቱ በጤፍ ጭድ፣ በስንዴና በገብስ ገለባ፣ በማሽላና በበቆሎ አገዳ ላይ ይወድቃል። ዝናቡ ሲመጣም ችግሩ ወዲያው አይቃለልም፤ ማሳው ስለሚዘራ ግጦሹ ይጠባል፣ የገለባው ክምርም በዚያው ሰሞን ያልቃል። በሬው ቀንበር ውስጥ የሚገባው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። ጉልበቱ በሚፈለግበት ወር ጎድኑ የሚቆጠር በሬ ማረሱ በደጋው የተለመደ ነው፤ ሊለመድ ግን አይገባውም ነበር።

የገለባው ጉድለት በመጠን ብቻ አያበቃም። በሩመን ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት በወጉ ለመራባት ከመኖው ውስጥ ቢያንስ 7 በመቶ ገደማ ድፍድፍ ፕሮቲን ይሻሉ፤ የጭድና የገለባ ፕሮቲን ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ፕሮቲኑ ሲጎድል ሕዋሳቱ ይደክማሉ፣ ጠንካራው አሰር ሩመን ውስጥ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይብላላል፣ ላሟም ሆዷ እንደሞላ ትራባለች። አሰር ሲብላላ በብዛት የሚወጣው አሴቴት የሚባለው አሲድ ሲሆን ይህ ሂደት ብዙ ሃይድሮጂን ያስተርፋል። ጥራት ያለው መኖና እህል ሲብላሉ ግን ድርሻው ከፍ የሚለው ፕሮፒዮኔት ነው፤ እርሱ ሃይድሮጂን ይወስዳል። ለአርኪያዎቹ የሚተርፋቸው ሲያንስ ሚቴኑም ያንሳል። ሂደቱ እርጥብ እንጨት እንደነደደበት ምድጃ ነው፤ ጭሱ ብዙ፣ ሙቀቱ ጥቂት።

በናይሮቢ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ማዚንጊራ ማዕከል የተደረገና በ2020 የታተመ ጥናት ይህን በቦረና ዝርያ ወይፈኖች ላይ ለክቶታል። ሰውነታቸውን ለማቆየት ከሚያስፈልጋቸው በእጅጉ ያነሰ መኖ የተሰጣቸው ከብቶች ክብደት እየቀነሱ፣ ከበሉት ከእያንዳንዱ ኪሎ የሚያወጡት ሚቴን ጨመረ። የጥናቱ ትርጉም ለደጋው ቀላል አይደለም። በበጋ አጥንቱ የወጣ መንጋ በቀን የሚያወጣው ጋዝ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ጋዝ የሚመለሰው ወተት ግን የለም፣ ሥጋውም ወደ ኋላ ይሄዳል። በክረምት የጨመረውን ኪሎ በበጋ ያጣል፤ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ኪሎ ዳግመኛ ይገነባል። አንድ በሬ ለገበያ እስኪደርስ ያንኑ ሥጋ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሠርቶታል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ሚቴን ወጥቷል።

ሒሳቡ በወተት ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። የሀገር ዝርያ ላም በአማካይ በቀን 1.5 ሊትር ገደማ ትታለባለች። የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው 4 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፤ ቀጣዩን ለመውለድም ሁለት ዓመት ሊፈጅባት ይችላል። ለምሳሌ ያህል በዓመት 40 ኪሎ ሚቴን የምታወጣና 200 ሊትር ወተት የምትሰጥ ላም ብትወሰድ፣ በአንድ ሊትር 200 ግራም ሚቴን ይደርስባታል። በደንብ የተመገበች ሌላ ላም 60 ኪሎ ብታወጣና 1,500 ሊትር ብትሰጥ ግን በሊትር 40 ግራም ብቻ ነው። ሁለተኛዋ በቀን ብዙ ታገሳለች፤ ያንኑ ወተት ለማግኘት ግን የመጀመሪያዋን ዓይነት ከሰባት በላይ ላም ማቆም ያስፈልጋል። እነዚህ ቁጥሮች ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው፤ እውነተኛው ልዩነት ከዚህ አያንስም። ፋኦ ከኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያ አንድ ኪሎ ወተት በአማካይ ከ24 ኪሎ በላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ እንደሚያስከትል አሰላ። ይህ ከዓለም አማካይ 10 እጥፍ ገደማ ነው። በዚያው ጥናት መካከለኛ ስፋት ባላቸው የንግድ እርባታዎች ቁጥሩ ከ4 ኪሎ በታች ሲሆን በአርብቶ አደሩ አካባቢ ከ40 በላይ ነው። ሀገሩ አንድ ነው፤ በዚህ ሁሉ ልዩነት ውስጥ መኖው ትልቅ ድርሻ አለው።

አሁን ወደ ብዛቱ መመለስ ይቻላል። አንድ የደጋ ቤተሰብ ሁለት በሬ ይፈልጋል። በሬው ከሜዳ አይበቅልም፤ እርሱን የምትተካ ላም፣ ላሟን የምትተካ ጊደር፣ ወይፈን ለመሆን የሚጠብቅ ጥጃ ያስፈልጋል። ጥጃው በረሃብ ቢሞት፣ ጊደሯ በአራት ዓመቷ ብትወልድ፣ ላሟ በየሁለት ዓመቱ ብቻ ብትሰጥ፣ ሁለት በሬ ለማግኘት የሚያስፈልገው መንጋ ያብጣል። ከብቱ ባንክም ነው፤ ግማሹ በድርቅ ሊያልቅ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ አብዝቶ ይይዛል። መንጋውን ያበዛው ስሌት የገበሬው አለማወቅ ሳይሆን ከመኖ እጥረት ጋር ለመኖር ያገኘው ጠንቃቃ መንገድ ነው። በዚህ ሁኔታ ላለ ቤተሰብ «ከብትህን ቀንስ» ማለት ችግሩን ሳይነኩ መከላከያውን መንጠቅ ነው፤ ፍትሐዊም አይደለም።

የሁለተኛው መፍትሔ፣ የዱቄቱ ነገር፣ በሌላ መልክ መታየት አለበት፤ በቦታው የሚሠራ ነገር ነውና። ቦቬር በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው 3-ኤንኦፒ ሚቴን የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያግድ ውሕድ ነው። የሻይ ማንኪያ ሩብ የሚሆን መጠን በየቀኑ ሲሰጥ ከወተት ላሞች የሚወጣውን ሚቴን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብራዚልና ቺሊ በ2021፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2022፣ አሜሪካ በ2024 ፈቅደውታል። ዴንማርክ ከ50 በላይ ላም ያላቸው እርባታዎች ሚቴን የሚቀንስ አመጋገብ እንዲከተሉ ከ2025 ጀምሮ ደንግጋለች። አስፓራጎፕሲስ የተባለው ቀይ የባሕር አረም ደግሞ በተዘጋ ማድለቢያ ከ80 በመቶ በላይ ቅነሳ ያሳየበት ጥናት አለ፤ በአሜሪካ በግጦሽ ላይ ባሉ ከብቶች ሲሞከር ግን ውጤቱ ከ40 በመቶ በታች ወርዷል።

ይህ መውረድ ሁሉን ይናገራል። እነዚህ ነገሮች በሚገባ የሚሠሩት ከብቱ ቀኑን ሙሉ በሚዛን የተቀላቀለ መኖ ከግርግም በሚበላበት ቦታ ነው። 3-ኤንኦፒ ሩመን ውስጥ የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር መግባት ይኖርበታል፤ በመኖው ውስጥ አሰር ሲበዛ ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። የደጋው ከብት መኖ አሰር የበዛበት ነው፤ ጧት ተለቅቆ ማታ የሚገባ፣ ሚዛን አይቶ የማያውቅ ከብት ነው። ዱቄቱ ደግሞ በየቀኑ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሆኖ ወተቱን ብዙም አይጨምርም። ገበሬው ከፍሎ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ አይገዛውም፤ መንግሥት ወይም ለጋሽ የገዛለት ዕለት ይጠቀማል፣ ያቆመ ዕለት ያቆማል። በጥሩ መኖ ላይ የሚጨመር መሣሪያ ሆኖ ሳለ የጥሩ መኖ ምትክ ተደርጎ መሸጡ ስሕተት ነው።

በእጅ ያለው መንገድ ብዙ ነው፤ ከሁሉ ቅርቡ ገለባውን ማከም ነው። 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ ተበጥብጦ በ100 ኪሎ ገለባ ላይ ይረጫል፤ ገለባው ተረግጦ በላስቲክ ይሸፈንና አየር ሳያገኝ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያ ጠንካራውን አሰር ያላላዋል፣ ፕሮቲኑም ከ4 በመቶ አካባቢ ወደ 7 እና 8 ከፍ ይላል። ከብቱ ብዙ ይበላል፣ የበላውም ይፈጭለታል። ከመቅረቡ በፊት ግን መናፈስ አለበት፤ ለትንንሽ ጥጆችም አይሰጥም። ዘዴው በኢትዮጵያ ከአንድ ትውልድ በላይ ሲሰበክ ቆይቶ በሰፊው አለመለመዱ እውነት ነው፤ ተቃዋሚዎችም ይህን እንደ ማስረጃ ያነሣሉ። ምክንያቱ ግን ዘዴው ውስጥ የለም። ዩሪያው የሚመጣው ለሰብል ተመድቦ፣ በወረፋና በውድ ዋጋ ነው፤ ላስቲኩ ይገዛል፣ ውኃው በሴቶችና በልጆች ጀርባ ይቀዳል፤ ድካሙ ሁሉ ደግሞ በቀን ሊትር ተኩል ለምትሰጥ፣ ወተቷም ገበያ ለማይደርስ ላም ይሆናል። ወተት የሚሰበስብ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ የተሻለ መኖ አይገባም። ከወተት መሰብሰቢያው ጋር ያልተያያዘ የመኖ ትምህርት የሚከሽፈው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጥራጥሬያማ መኖ ይመጣል። አጃን ከቬች አደባልቆ መዝራት፣ በቆሎ መካከል ዴስሞዲየም ማብቀል፣ በአጥር ዙሪያ ሰስባንያ፣ በከፍተኛው ደጋ ትሪ ሉሰርን መትከል የታወቁ ነገሮች ናቸው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ውሕድ በልኩ ሲገኝ ሚቴን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያዳክማል። ከጋሞ ደጋ ከጨንቻ የወጣው የዴሾ ሣር እርከን ላይ ተተክሎ አፈር ይይዛል፣ ታጭዶ ከብት ይቀልባል፤ ከሰው እህል መሬት አይሻማም። የሚያሳዝነው ኢልሪ በአዲስ አበባ ባለው የጂን ባንኩ ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ የመኖ ዕፅዋት ናሙናዎችን አስቀምጦ፣ ከባንኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ገበሬ የቬች ዘር ፈልጎ ማጣቱ ነው። የመኖ ዘር የሚያባዛና የሚሸጥ ጠንካራ ሥርዓት ገና አልተተከለም።

ሦስተኛው ፋጉሎ ነው። የኑግና የተልባ ፋጉሎ ፕሮቲን ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ በትንንሽ መጭመቂያ የወጣው ውስጡ ዘይት ያስቀራል፣ ዘይት ደግሞ ራሱ ሚቴን ይቀንሳል። በመኖው ውስጥ የስብ ድርሻ በ1 በመቶ ሲጨምር ሚቴን ወደ 4 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ ከብዙ ሙከራዎች ተጠናቅሯል፤ ከጠቅላላው መኖ 6 በመቶ ካለፈ ግን የአሰሩን መፈጨት ይጎዳል። ዴንማርክም ለገበሬዎቿ ከፈቀደቻቸው አማራጮች አንዱ ስብ መጨመር ነው። ኢትዮጵያ በበኩሏ ኑግ ሳይጨመቅ ወደ ውጭ ትሸጣለች፤ አሜሪካ የሚደርሰው ኑግ በየጓሮው ለወፍ መኖ ይሆናል። ፍሬው ሲሄድ ዘይቱም ፋጉሎውም አብረው ይሄዳሉ፤ ሀገሪቱ የምግብ ዘይት በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ ላሟ ጭድ ታመነዥካለች። ኑጉን እዚሁ መጭመቅ ከየትኛውም የሚቴን ዱቄት የሚበልጥ የአየር ንብረት ፖሊሲ ነው። የቢራ ፋብሪካ የብቅል ተረፈ ምርት፣ የጠላና የአረቄ አተላም እንዲሁ ሰው የማይበላው፣ ላም ግን ወደ ወተት የምትለውጠው ሀብት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የጠቅላላ መጠኑ ጥያቄ ነው። በደንብ የበላች ላም በቀን የምታወጣው ሚቴን ከተራበችው ይበልጣል፤ መንጋው ባለበት ቆሞ ሁሉም ቢጠግብ የሀገሪቱ ልቀት ይጨምራል። ይህ ትክክል ነው፤ መሸሸግም የለበትም። ነገር ግን የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ፣ ከተሞች እየሰፉ የወተት ፍላጎት ማደጉ አይቀርም። ምርጫው ያንን ወተት በብዙ የተራቡ ላሞች ወይስ በጥቂት የጠገቡ ላሞች ማግኘት ነው። መንጋው የሚቀንሰው ደግሞ ጥጃ ሲተርፍ፣ ጊደር በሁለት ዓመት ተኩል ስትወልድ፣ በሬ በሦስት ዓመቱ ለገበያ ሲደርስና ቤተሰቡ ቁጠባውን በሌላ መልክ መያዝ ሲችል ነው። በቦረና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተሞከረው የእንስሳት መድን የግጦሹን መድረቅ በሳተላይት እያየ ይከፍላል፤ እንዲህ ያለው ዋስትና መንጋን አብዝቶ የመያዝን ምክንያት ይነካል። የከብቱ ቁጥር ከጥጋብ በኋላ በራሱ ይወርዳል የሚል ግን የዋህ ነው፤ ቁጠባ፣ መድንና የማረሻ ማሽን ኪራይ አብረው መምጣት አለባቸው።

ሌላው ተቃውሞ ዝርያ ይቅደም የሚለው ነው። ለብዙ ዓመታት የወተት ልማት ማለት በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ማለት ሆኖ ቆይቷል። ሆልስታይን የተባለው የውጭ ዝርያ ደም ያላት ላም ግን አካሏ ትልቅ ነው፤ ሰውነቷን ለማቆየት ብቻ ከሀገር ላም የበለጠ ትፈልጋለች። ጭድ ከቀረበላት ወተቷ ይነጥፋል፣ አትፀንስም፣ ትታመማለች። መኖ ሳይዘጋጅ የተዳቀለች ጊደር ለገበሬው ዕዳ ናት፤ ለአየሩም ከሀገር ላሟ የባሰች ልትሆን ትችላለች።

ይህ ሁሉ በሀገራዊው የልቀት መዝገብ ውስጥ እንዲታይ የአቆጣጠሩ ዘዴም ወሳኝ ነው። የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 መመሪያው የአፍሪካን የወተት ላም በዓመት 46 ኪሎ፣ ሌላውን ከብት 31 ኪሎ ሚቴን ብሎ በጅምላ ይወስዳል። በዚህ ቀላል ዘዴ የሚቆጠር አገር ልቀቱን መቀነስ የሚችለው ከብቱን በመቀነስ ብቻ ነው፤ ገለባውን ያከመ፣ ቬች የዘራ ገበሬ በመዝገቡ አይታይም። የመኖውን መፈጨትና የከብቱን ክብደት የሚጠይቀው ሁለተኛው ደረጃ ስሌት ግን ያየዋል። ኢትዮጵያ የቀንድ ከብት ልቀቷን በዚህ መንገድ ማስላት ጀምራለች፤ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ በየወረዳው የመኖ ልኬት ካልተደገፈ ግን ባዶ ቀመር ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ አድርጓል። መርሐ ግብሩ የሚመዘነው በተዳቀሉ ጊደሮች ብዛት ከሆነ የድሮው ስሕተት ይደገማል። በየወረዳው በመጋቢትና በሰኔ ስንት ኩንታል የታከመ ገለባ፣ ስንት ሄክታር የመኖ ሰብል፣ ስንት ኩንታል ፋጉሎ ለገበሬው በሚችለው ዋጋ እንደቀረበ ይጠየቅ። የአየር ንብረት ገንዘብ የሚሰጡ ወገኖችም ዱቄቱን ከመግዛታቸው በፊት ለዘር ማባዣው፣ ለመጭመቂያውና ለወተት መሰብሰቢያው ይክፈሉ። ገበሬው መንጋውን እንዲቀንስ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ከተሟላ በኋላ ነው።